እርጥብ ካርቶን

ሐሙስ 3

ይህ ደብተር ከማተሚያ ቤታችን የውድቅ ክምር የተነሣ ነው። መስመሮቹ ወደ ቀኝ ዘቅዝቀዋል፤ በታተመበት ቀን የማሽኑ አንድ እግር ተነቃንቆ ነበር። ጥፋቱን ያየሁት እኔ ስለሆንኩ ደብተሩም ለእኔ ይገባል ብዬ አንዱን ኮቴ ውስጥ ከተትኩት። ሃያ ስድስት ዓመት አራሚ ሆኜ የሰው ስሕተት ስለቅም ኖሬ፣ ከስሕተቱ ድርሻዬን ስወስድ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ባለቤቴ ልጃችን ዘንድ ከሄደች ሦስት ሳምንት ሆናት። ልጃችን ወልዳለች፤ አራስ ደግሞ ጠያቂ ብቻ ሳይሆን የሚረዳት ሰው ትፈልጋለች። ለሦስት ወር ነው የተባለው። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጸጥታ ለማንበብ ጥሩ ነው፤ ትናንት አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አነበብኩት።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደ ቤት አልሄድም አለኝ። ከእኛ ሰፈር ሁለት መታጠፊያ ወዲያ፣ ድሮ የጎማ መጋዘን የነበረው ቤት ደጃፍ ላይ «ጎብኙ፣ ቅመሱ» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ትንሽ የቢራ መጥመቂያ ነው። ገባሁ።

ጎብኚ ሆኜ የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠማቂዋ አርባ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ የጎማ ቦት ያጠለቀች ሴት ናት፤ በፊት የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበረች። ለሠላሳ ሰው እንደምታስረዳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አስጎበኘችኝ። ብቅሉ የሚፈጭበትን፣ የሚፈላበትን ትልቅ ድስት፣ እርሾው ቀን ከሌት የሚሠራባቸውን ሦስት ጋኖች አየሁ። «ጥያቄ ያለው?» እያለች ዙሪያውን ትቃኛለች። ዙሪያው እኔ ነኝ።

ቀጥሎ አንድ ሳንቃ ላይ አምስት ትንንሽ ብርጭቆ ደርድራ አመጣች። የመጀመሪያው ፈዛዛ ቢጫ፣ አዲስ የታጨደ ሣር የሚሸት። ሁለተኛው የዳቦ ቅርፊት። ሦስተኛው በጥፍር የተላጠ ብርቱካን። አራተኛው ምሬቱ ጆሮ ድረስ የሚሄድ። አምስተኛው ጥቁር ነው። እሱን ሳሸተው ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ከዚያ በጎብኚዎች መዝገብ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ጥቁሩ ዝናብ ካባራ በኋላ የተዘጋ የትምህርት ቤት ክፍል ይሸታል። ጠመኔ፣ እንጨት፣ አንድ ሰው ረስቶት የሄደ ካፖርት።»

ጥግ ላይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቧንቧ የሚያጠብቅ ሰውዬ ነበር። ጠማቂዋ ጮክ ብላ አነበበችለት። «ካፖርቱን እንኳ እኔ አልረሳሁም» አለ።

ዓርብ 4

ጠማቂዋ ማተሚያ ቤት ድረስ ደወለች። ሐሙስ ሐሙስ የቅምሻ ሰዓት አላቸው፤ ሰው ጎድሎባቸዋል። ለሰሌዳውና ለጠርሙሱ ወረቀትም የሚጽፍላቸው ይፈልጋሉ። አስብበታለሁ አልኳት። ስልኩን ሳልዘጋ አስቤ ጨረስኩ።

እሑድ 6

ለባለቤቴ ደወልኩ። ሕፃኑ ደህና ነው። ልጄም ደህና ናት። እሷም ደህና ናት። እኔስ? ደህና። አራት ደህና ተለዋውጠን ስልኩ ተዘጋ። ስለ መጥመቂያው ልነግራት ነበር፤ ሕፃኑ አለቀሰ።

በሩ ጀርባ ግራጫ የሱፍ ሹራቧ ተሰቅሏል። የማይመለስ ሰው ሹራቡን ትቶ አይሄድም፤ ያውም ብርዱ ሊገባ። አልነካሁትም። ጠረኗ እንዳለ ይቆይ፣ ሲብስብኝ አሸትተዋለሁ ብዬ ነው። ሰው ለክፉ ቀን ያስቀምጥ የለ።

ሐሙስ 10

የቅምሻው አሠራር እንዲህ ነው። ጠማቂዋ ለእያንዳንዳችን ሦስት ብርጭቆ ታቀርባለች። ዓይን እንዳያጭበረብር ሦስቱም በጥቁር ወረቀት ተጠቅልለዋል። በሁለቱ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ቢራ ነው፤ በአንዱ ሌላ። ባዕዱን ለይቶ ቁጥሩን መጻፍ ነው። እስኪጻፍ ማንም አይናገርም፣ ፊቱንም አያኮሳትርም። ከዚያ በኋላ ነው ወሬ የሚፈቀደው።

ከእኔ ጋር የሚቀምሰው ያ ቧንቧ የሚያጠብቀው ሰውዬ ነው። በያጅ ነው፤ ጋኖቹን የሠራው እሱ ነው። ሁሉም «ብልጭታ» ይሉታል። ዕድሜው የእኔ ነው፣ እጁ ግን የሁለት ሰው። ያሸተተውን እንዳለ ይናገራል፦ «ይሄ አዲስ የብስክሌት ጎማ። ይሄ ያልደረቀ ጆንያ። ይሄ የሕፃን ራስ።» ጠማቂዋ ሳቋን ውጣ ወደ እኔ ትዞራለች። እኔ ጆንያውን «በጎተራ ያደረ እህል» አደርገዋለሁ፤ እሷ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች።

«አንተ ሰው ልብስ ታለብሰዋለህ» አለኝ ብልጭታ። «እኔ ራቁቱን ነው የማመጣው።»

አራት ዙር ቀመስን፤ አራቱንም ለየሁ። ብልጭታም አራቱንም። ጠማቂዋ በትልቅ መዝገቧ ላይ አሰፈረችው። ከትምህርት ቤት ወዲህ አራት ከአራት አግኝቼ አላውቅም። ወደ ቤት ስመለስ በመንገድ ላይ ብቻዬን ፈገግ ማለቴን የሱቅ መስታወት ነገረኝ።

ማክሰኞ 15

ጉንፋን። ራሴ የእርሳስ ከረጢት። የማርመው የሂሳብ መጽሐፍ ነው፤ ሰባት ሲደመር ስድስት አሥራ አራት ብሎ አለፈኝ። አለቃዬ ያዘው። ሳቀ፣ ደግነቱ።

ሐሙስ 17

አልሄድኩም። አልጋ። የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ያልነገርኩት ሰው አይጠይቅም፣ እውነት ነው። ማታ ጠማቂዋ ደውላ «ጋሼ፣ ዛሬ ሦስት ብርጭቆ ተርፎ ቀረ» አለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ተኝቼም አርመው ነበር፤ የሚታረም የለበትም።

ሰኞ 21

ጉንፋኑ ሄደ። አፍንጫዬን ይዞ ነው የሄደው።

መጀመሪያ በሳሙና አወቅሁ። ቀጥሎ በሽንኩርት። ቀጥሎ በኬሮሲን። ሐኪም ቤት ያለው ሰውዬ ባትሪ አብርቶ ሁለቱንም ቀዳዳ አየና አንዳንዴ በሳምንት ይመለሳል፣ አንዳንዴ በዓመት፣ አንዳንዴ አይመለስም አለኝ። ስለ ማን እንደሚያወራ እንዳልጠይቀው ራሴን ያዝኩ።

ከመሸ በኋላ ወደ በሩ ጀርባ ሄድኩ። ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ሹራብ። ፊቴን ቀበርኩበት። ሱፍነቱ አገጬን ኮሰኮሰኝ፤ ሌላ ምንም። ተናደድኩ፣ ከዚያ ተጽናናሁ። ጠረኗ አለ። እዚያው ሱፉ ውስጥ አለ። የጎደለው እኔ ጋ ነው። እሷ ምን ጊዜም የምትለው ይህንኑ ነበር፤ «ያለውን አታይም»። አንድ ጊዜ መጋረጃ ቀይራ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው ያየሁት። በሥራዬ ግን አንዲት ነጥብ አታመልጠኝም።

ሐሙስ 24

ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። ምዬ ነበር። በሩን ስከፍት ብልጭታ ወንበሬን በእግሩ ገፋ አድርጎ «ካፖርትህ መጣ?» አለኝ። ወንበሩ ላይ ጨርቅ አንጥፈውበታል። ባለፈው ስመጣ እንጨቱ ሻካራ ነው ብዬ ስለነበር።

ተቀመጥኩ። ሦስት ብርጭቆ። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ፣ ምላስ ቆንጠጥ የሚያደርግ። ምላሴ መራራውን ከጣፋጩ ይለያል፤ ከዚያ ወዲያ ግድግዳ ነው። ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ደስ የሚል ቁጥር ነው።

የቃሉ ተራ ሲደርስ ግን አፌን አልቸገረውም። ሃያ ስድስት ዓመት ያነበብኩት ሁሉ ተጠራርቶ መጣ። «ከምድጃ የወጣ ለውዝ፤ ከኋላው ደግሞ መስኮት እንደተከፈተ ያለ ነገር» አልኩ። ጠማቂዋ ጠመኔዋን አቁማ አየችኝ፤ ሰሌዳው ላይ ሙሉውን ጻፈችው። ሁለት ጠጪዎች ሰሌዳውን አንብበው ያንኑ አዘዙ፤ አንደኛው ቀምሶ «አዎ፣ መስኮት» አለ።

የሚቀጥለው ሐሙስ እነግራቸዋለሁ።

እሑድ 27

ስልክ። ሕፃኑ ጥርስ ሊያበቅል ነው መሰል አለች። በሁለት ወሩ? ምናልባት የቸኮለ ልጅ ነው። ስለዚህ ሦስት ወር የተባለው ትንሽ ሊገፋ ይችላል። ተቀበልኩ። ጥርስ ቀልድ አይደለም። ቀጥሎ ልጄ ስልኩን ወሰደች። «አባዬ፣ ትበላለህ?» ስትል ድምፅዋ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር። ከኋላዋ ባለቤቴ «አትንገሪው» ስትል ሰማሁ። የሕፃኑ ማስነጠስ ወይም ሌላ የማያስጨንቅ ነገር ይሆናል።

የላይኛዋ ጎረቤቴ ደረጃ ላይ አገኘችኝና መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አለፈች። የእኔ ጉንፋን ለእሷ ተላልፎ ይሆናል። አዘንኩ።

ሐሙስ 1

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሩ። ከአራት ዙር አንዱን አገኘሁ፤ እሱንም ዕድል ነው ያገኘልኝ። ጠማቂዋ መዝገቧ ላይ ስትጽፍ እርሳሷ ትንሽ ቆመ።  ቃሌ ግን ከምንጊዜውም አምሮ ነበር፤ ውሸት ሲያምር እንዲያ ነው።

ትልቅ ወሬ አለ። ከድልድዩ ማዶ ያለው ትልቁ ሆቴል እድሳቱን ጨርሶ ሲከፍት የእነሱን ቀይ ቢራ ሊያቀርብ ነው። አሥር በርሜል። ጠማቂዋ ሁለት ዓመት በር ስታንኳኳ የኖረችበት ነው። ብልጭታ ጋኑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ልጄ ሥራ ልትይዝ ነው» አለ።

ልወጣ ስል ከመደርደሪያው ወዲያ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። «ሚስቱ ጥላው ሄዳ የለ፣ ምስኪን። ምን ያድርግ፣ እዚህ ይዋል እንጂ።» ስለ ማን እንደሆነ አልሰማሁም። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። አሳዘነኝ።

ሰኞ 5

ጠማቂዋ እናቷ ታመውባት ልትሄድ ነው፤ እሑድ ትመለሳለች። የሆቴሉ በርሜሎች ዓርብ ጠዋት ይጫናሉ። ከመጫናቸው በፊት ሐሙስ የመጨረሻው ቅምሻ አለ። በእሷ ደንብ ሁለት ፊርማ ሳያርፍበት አንድ በርሜል ከበር አይወጣም። የብልጭታና የእኔ።

«ቀድሞ የነበረውን ቀይ አንድ ጠርሙስ አስቀምጬላችኋለሁ» አለች። «ከእሱ ጋር አነጻጽሩት። ቅር የሚያሰኝ ነገር ካለ ይቁም። መቆሙ አያስቆጣኝም፤ መሄዱ ነው የሚያስቆጣኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ስላሉ ነው ተማምኜ የምሄደው።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው «እናትሽን እግዜር ይማርልሽ» ሆነ።

ሐሙስ 8

እንዳለ ልጽፈው።

መጥመቂያው ውስጥ ብልጭታና እኔ ብቻ። ብርጭቆዎቹን ቀድቶ በጥቁር ወረቀት የጠቀለለልኝ እሱ ነው፣ ለእሱ የጠቀለልኩለት እኔ። ብልጭታ አሸተተ። አስቀመጠ። ደግሞ አንሥቶ አሸተተ። እኔ ፊቱን አየሁ፤ ደንቡን ጥሼ አየሁት። ግንባሩ ላይ ያለው መነጽር ወደ ታች ወርዷል።

ጽፈን ስንጨርስ «እርጥብ ካርቶን ይሸተኛል» አለ። «ዝናብ ላይ ያደረ ካርቶን። አሮጌው ላይ የለም፣ አዲሱ ላይ አለ። አንተስ?»

እኔስ። እኔ ግድግዳ። እንደገና አሸተትኩ፣ ሊመጣ እንደሚችል ነገር። ጥያቄው እኔ ፊት ተቀምጧል፤ «አላውቅም» ማለት ሁለት ቃል እንኳ አይሞላም። «አላውቅም» ካልኩ ግን «እንዴት አታውቅም?» ይመጣል፤ እሱ ከመጣ ወንበሩ ላይ ያለው ጨርቅ ይነሣል።

«ካርቶን ሳይሆን ወረቀት ነው» አልኩት። «እኔ ወረቀት ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሮጌ መጽሐፍ ሲገለጥ ያለው። ቀይ ቢራ ሲበስል እንዲህ ያለ ጠባይ ያመጣል፤ ጉድለት አይደለም፣ ዕድሜ ነው።»

ብልጭታ ብርጭቆውን አየ። ደግሞ አሸተተ። እጁ ላይ ያለውን የድሮ ቃጠሎ አከክ አከክ አደረገ።

«አንተ ካልክ» አለ። «እኔ የብረት ሰው ነኝ። አንተ ነህ ቃሉን የምታውቀው።»

ፈረመ። ከስሙ ሥር ፈረምኩ። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ እግዜር ይይልኝ፣ በወረቀቱ ላይ የጻፈውን «እርጥብ ካርቶን» በቀይ እስክሪብቶዬ ሰርዤ «የበሰለ ወረቀት ጠባይ» ብዬ አረምኩለት። አመሰገነኝ።

ዓርብ 9

በርሜሎቹ ሄዱ። ከማተሚያ ቤቱ መስኮት መኪናው ሲያልፍ አየሁ።

ምናልባት ደህና ነው። ምናልባት የበሰለ ነው። እኔም ሳላውቅ እውነት ተናግሬ ይሆናል።

ማክሰኞ 13

ዘጠኙ በርሜል ተመለሰ። አሥረኛውን በመክፈቻው ዕለት ለእንግዶች ቀድተውት ነበር። አንዱ እንግዳ ብርጭቆውን አስቀምጦ «ይህን ቢራ በዕቃ መጫኛ ካርቶን ነው ያመጣችሁት?» ማለቱን ጠማቂዋ እያነበበች ነገረችኝ፤ ሆቴሉ በደብዳቤ ጽፎላታል። ሌላ ጊዜ አናስቸግራችሁም ይላል ደብዳቤው። በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ አንድም ስሕተት የለበትም።

አየር ገብቶበታል፤ ከጋን ወደ በርሜል ሲገለበጥ በቧንቧው መጋጠሚያ በኩል ሾልኮ። መጋጠሚያውን የበየደው ብልጭታ ነው። ጠማቂዋ አልጮኸችበትም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። «ብልጭታ፣ ቧንቧውን ፈትሸኸው ነበር?» ብቻ አለችው።

ብልጭታ መሬት መሬት እያየ «የእኔ ጥፋት ነው» አለ። ቀምሶ እንደነበር አልተናገረም። ካርቶን ብሎ እንደነበር አልተናገረም። ወደ እኔም አላየም። ቁልፉን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

የቅምሻው ወረቀት ጠማቂዋ እጅ ላይ ነበር። በቀይ የተጻፈውን አየችው። ከቀዩ ሥር የተሰረዘው አይነበብም፤ እኔ ስሰርዝ ጠንቅቄ ነው የምሰርዘው።

ዝም አልኩ።

ሐሙስ 15

ብልጭታ አልመጣም። ጠማቂዋ ሦስት ብርጭቆ ለእኔ ብቻ አቀረበች። ሦስቱም ቀዝቃዛ፣ እርጥብ። ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ትክክል ሆነ። «ጎበዝ ጋሼ» አለች፣ ድካም ባለው ድምፅ። 

ቀዩ ቢራ ወደ ፍሳሽ ሲደፋ መንገዱ ድረስ አረፋ ሆኖ ነበር አሉ።

ቅዳሜ 17

ሙሉ ቀን አልወጣሁም። ለራሴ የመከላከያ ሐሳብ አዘጋጀሁ፦ አየሩን ያስገባው ቧንቧው ነው፣ እኔ አይደለሁም። እውነት ነው። የሂሳቡን መጽሐፍ የጻፈውም እኔ አልነበርኩም። አራሚ የሚቀጠረው ሌላ ሰው በሠራው ስሕተት ላይ እንዲቆም ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ሁለቱንም ነኝ።

ብልጭታ ለምን ዝም አለ? ይህን እያሰብኩ ነው የዋልኩት። አስፈራርቼው አይደለም፣ ለምኜውም አይደለም። «አንተ ነህ ቃሉን የምታውቀው» ያለውን አምኖበት ነው። በገዛ አፍንጫው ላይ እኔን አመነ።

ጎረቤቴ አንኳኩታ የፍሳሽ ቧንቧ ሠሪ ልትጠራ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ሽታው ከእኔ በኩል ሳይሆን አይቀርም አለች። ምንም አልሸተተኝም ብዬ መለስኩላት። ከእኔ አፍ ከወጣ ብዙ ጊዜው የሆነ እውነት።

ሰኞ 19

ነገርኳት።

በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ጠማቂዋ ባዶውን ጋን ውስጡን እያጠበች ነበር፤ ያየሁት ቦቷን ብቻ ነው። ጋን ውስጥ ላለ ሰው መናገር ይቀላል። ከጉንፋኑ ጀምሮ ነገርኳት። ሁለት ቁጥርን ስለ መውደዴ ነገርኳት። ብልጭታ «እርጥብ ካርቶን» ማለቱን፣ እኔ ማረሜን ነገርኳት።

የውሃው ድምፅ ቆመ። ቀስ ብላ ወጣች፤ ፀጉሯ ላይ አረፋ አለ። መዝገቧን አውርዳ ገለጠች። የእኔ ዓምድ። አራት ከአራት፣ ከዚያ አንድ፣ አንድ፣ አንድ።

«ሳላየው ቀርቼ አይደለም» አለች። «ሐዘን መስሎኝ ነው። ባለቤትዎ... ሰዎች ሲሉ ሰምቼ። ሐዘን ምላስ ይዘጋል፣ ጊዜ ልስጠው ብዬ ነው። አንድ ቀን ሐሙስ አይምጡ ብልዎ የት ይሄዳሉ ብዬ ነው።»

«ባለቤቴ ልጃችንን ልትረዳ ነው የሄደችው» አልኳት።

«እሺ ጋሼ።»

ተያየን። ከዚያ የአስተማሪነቷ ድምፅ መጣ። «እኔን አሞኝተውኝ ቢሆን ይቅር እል ነበር። እሱ ግን ሳምንት ሙሉ ቤቱ ተቀምጦ እጁን እየረገመ ነው። ለእሱ መንገር የእርስዎ ነው። እኔ አልነግርልዎትም። እስከዚያ ሐሙስ አይምጡ።»

ጨርቁ ወንበሬ ላይ ነበር። አጣጥፌ ሰጠኋት።

ሐሙስ 22

የብልጭታ ቤት ድረስ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ከበሩ ተመለስኩ። በመጨረሻ ጽፌ በበሩ ሥር አሾለክሁለት። የጻፍኩት አራት መስመር ነው፤ ምንም አላስዋብኩትም፦ «ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ከሞተ ወር አልፎታል። የቀመስከው ልክ ነበር። ካርቶን ነበር። ያረምኩት እያወቅሁ አይደለም፣ ሳላውቅ ነው፤ ይሄ ይብሳል።»

ሐሙስ ማታ ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ምን እንደሚሠራበት ረስቻለሁ።

እሑድ 25

በር ተንኳኳ። ብልጭታ ነው። በአንድ እጁ ሁለት ጠርሙስ፣ በሌላው የእኔ ወረቀት። ሊሰድበኝ እንደመጣ ከፊቱ አወቅሁ፤ ስድቡን አዘጋጅቶ፣ በመንገድ ላይ ደጋግሞት የመጣ ሰው ፊት ነው። ደፉን ረገጠ፣ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

«ሰውዬ» አለ። «ቤትህ ውስጥ ምን ሞቷል?»

ጠርሙሶቹን አስቀምጦ በአፍንጫው እየተመራ ሄደ። አየሁት፤ ጋን ፊት እንደሚያደርገው ቀስ ብሎ፣ ራሱን አዘንብሎ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን በር ከፍቶ ወደ ኋላ አለ። ባለቤቴ በሄደችበት ሰሞን ገዝታ ያስቀመጠችው የድንች ከረጢት ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ውሃ ሆኖ፣ ጥቁር ሆኖ፣ በሳንቃው ውስጥ ወደ ታች ጠልቋል። ሁለት ወር ውጭ ነው የምበላው፤ አንድም ቀን አልከፈትኩትም።

መስኮቶቹን ከፈተ። እጅጌውን ሰበሰበ። አብረን ጠረግን፣ አብረን ፈተግን፤ ከረጢቱን ደረጃ ሲያወርድ ጎረቤቴ በሯን ገርበብ አድርጋ አየችን፣ መሐረቧን ይዛ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አፍንጫም ቤተኛ አይደለም ለካ።

ሲጨርስ ስድቡ ጠፍቶበት ነበር መሰለኝ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ለምን አልነገርከኝም?» ብቻ አለ።

«ወንበሬን እንዳትወስዱብኝ።»

«ወንበር» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ወንበር ነው? እኔ እበይድልህ ነበር እኮ።»

ጠርሙሱን ከፈተ። ለሁለታችን ቀዳ። ለእኔ ምን እንደሚሸት ነገረኝ፤ «ይሄ ሣር ነው። ዛሬ የታጨደ። ትንሽ የሎሚ ልጣጭ አለው። መጨረሻ ላይ ሚስማር አለ፣ ግን ንጹሕ ሚስማር።» አንድም አላረምኩም። ጠጣሁት፤ ሣሩን አየሁት ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ነው የጠየቅሁት። ተነሥቼ ሹራቡን ከበሩ ጀርባ አወረድኩ። እጄ ላይ ሲከብድ፣ «እስቲ ይህን» አልኩት። «ጠረኗ አለ። እኔ ነኝ የማልሰማው። ምን እንደሚመስል ንገረኝ።»

መጀመሪያ አልፈለገም። የሰው ሚስት ልብስ ነው አለ። ለመንኩት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ እነዚያን የተቃጠሉ ትልልቅ ጣቶች በሱፉ ላይ ዘርግቶ። አሸተተ። አዙሮ አንገትጌውን አሸተተ። ብብቱን አሸተተ። ብዙ ቆየ። መዋሸት ከቻለ ያኔ ነበር ጊዜው፤ ሲሞክር አየሁት፣ አፉ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሶ።

«ሳሙና» አለ። «ሌላ የለም። ታጥቧል። ታጥቦ፣ ተተኩሶ ነው የተሰቀለው።»

አጣጥፎ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው።

ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ይህ ነበር።

ሰኞ 26

ደወልኩ። ደህና አላልኩም፤ ደህና ነሽ ወይ አላልኩም።

«ሹራብሽን አጥበሽው ነው የሄድሽው» አልኳት።

 ሕፃኑ የለም ከኋላ፣ ሬዲዮም የለም። ከዚህ በፊት ዝም ስንል የሆነ ነገር ያዳምጠን ነበር።

«አዎ» አለች። «ሁሉንም አጥቤ ነው የሄድኩት። ቁም ሣጥኑን አላየኸውም?»

አላየሁትም። ሄጄ ከፈትኩት፣ ስልኩን ይዤ። በእሷ በኩል ያሉት ማንጠልጠያዎች ባዶ ናቸው። ሁለት ወር ተኩል።

«የምነግርህ መስሎኝ ነበር» አለች። «አንተ ታየዋለህ፣ ትጠይቀኛለህ፣ ያኔ እነግርሃለሁ ብዬ ስጠብቅ። በየእሑዱ ስጠብቅ።»

«አፍንጫዬ ጠፍቶ ነበር» አልኳት። ምክንያት አልነበረም፤ ብቻ እሷ እንድታውቀው ፈለግሁ።

«መቼ?»

ነገርኳት። ሐኪም ቤት ሄድክ ወይ አለች፣ ሞቅ ያለ ነገር ጠጣ አለች፣ ኬሮሲኑን ተጠንቀቅ አለች። ልክ እንደ ድሮው። ከዚያ ሁለታችንም ልክ እንደ ድሮው እንዳልሆነ አስታወስን። ሹራቡን ልላክልሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ ብርድ መጥቷል። አትላክልኝ አላለችም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ድንች ግን ይበሰብሳል።

ሐሙስ 29

ጠዋት ሹራቡን በፖስታ ላክሁ። ምንም አልጻፍኩበትም፣ አድራሻ ብቻ።

ማታ ጠማቂዋ ወንበሬን መልሳለች፤ ያለ ጨርቅ። ብርጭቆ አልቀረበልኝም። የእኔ ሥራ ብልጭታ የሚለውን ሰሌዳው ላይ መጻፍ ነው፣ ቃል በቃል። ቧንቧውን በይዶ ጨርሷል፤ ሆቴሉ ግን አልተመለሰም፣ የሚመለስም አይመስልም።

የዛሬው አዲስ ጥቁር ነው። ብልጭታ አሸተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ብዙ አሰበ። እኔ ጠመኔዬን ይዤ ጠበቅሁ።

«ባዶ ቤት» አለ። «የታጠበ ባዶ ቤት። ግን መስኮቱ ክፍት ነው።»

ጠማቂዋ ወደ እኔ አየች። ወደ ሰሌዳው ዞሬ እንዳለ ጻፍኩት።